ፎቶግራፉ የማይናገረውን ማን ይናገርለት?

በቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ሟቹ አባቴ (አላህ ይዘንላቸውና) ከልብ ወዳጃቸው ጋር ጎን ለጎን ቆመዋል። ከኋላቸው ዘንባባ የተሣለበት የፎቶ ቤት መጋረጃ ይታያል። ሁለቱም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ኮፍያ ደፍተዋል። የአባቴ ቀኝ እጅ የወዳጃቸውን ግራ እጅ ይዟል፤ ጣት ከጣት ተቆላልፏል። በጀርባው በዐረብኛ ፊደል «ለመታሰቢያ» የሚል ቃልና 1958 የሚል ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል። እኔ ያደግሁት በዚህ ፎቶግራፍ ሥር ነው። ስለ እሱ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ግድግዳ ላይ የኖረ ነገር አይጠየቅማ!

በአንድ የረመዳን ምሽት፣ ከኢፍጣር በኋላ ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ከአሜሪካ ሊጠይቀን የመጣ የእህቴ ልጅ ፎቶግራፉን ትኩር ብሎ አየና ፈገግ አለ። «አጎቴ፣ እኛ ጋ አያቴን እንደዚህ ቢያዩአቸው ምን እንደሚሏቸው ያውቃሉ?» አለኝ። አልገባኝም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ያደገበትን አገር ዓይን ይዞ መምጣቱ ነው። የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ሌሊቱን ሁሉም ሲተኛ ተነስቼ ፎቶግራፉን አወረድኩና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። የአባቴን እጅ አይቼ አፍሬ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በማፈሬ አፍራለሁ።

የእህቴ ልጅ ለአባባሉ መነሻ የሆነውን መጽሐፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሰው እጅ ላከልኝ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ሂዩ ኒኒ እና ኒል ትሬድዌል የሚባሉ፣ በአገራቸው ሕግ ተጋብተው የሚኖሩ ሁለት አሜሪካውያን ወንዶች ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆናል፣ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ ሁለት ወጣቶች ተቃቅፈው የተነሱትን እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ ፎቶግራፍ አገኙና ገዙት። አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ከየአሮጌ ገበያውና ከየሟች ቤት ዕቃ ጨረታ ሲያሰባስቡ ወደ 2,800 ያህል ፎቶግራፍ አከማቹ። ሁሉም ወንድና ወንድ የተነሱት፣ ሁሉም ከ1850ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ባለው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ከ300 በላይ የሚሆኑትን ነው በመጽሐፉ ያወጧቸው። ወታደር አለ፣ መርከበኛ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ሱፍ የለበሰ የከተማ ሰው አለ። አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም።

ታዲያ በምን ለዩአቸው? ሁለቱ ሰብሳቢዎች መመዘኛቸውን አልደበቁም። በሁለቱ ሰዎች ዓይን ውስጥ የማይሳሳት የፍቅር አስተያየት እንፈልጋለን ይላሉ። ሰዎቹ ፍቅረኛሞች የመሆናቸው ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ከመሰላቸው ፎቶግራፉ ወደ ስብስባቸው ይገባል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ሃምሳ በመቶ! በሃምሳ በመቶ ምስክርነት እኮ የጠፋች ዶሮ እንኳ ለባለቤቷ አትመለስም። ሞቶ የተቀበረን፣ መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ዓይኑን አይቶ የልቡን መተርጎም ማን የሰጠው ሥልጣን ነው? እንዲህ እያልኩ ለእህቴ ልጅ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት።

የላከልኝ መልስ አጭር ነበር። «አጎቴ፣ እነሱ "ፍቅረኛሞች ናቸው" ሲሉ ፈረዱ አሉ። ሁልጊዜ "ጓደኛሞች ብቻ ነበሩ" ማለትስ መፍረድ አይደለም? እርስዎስ በስንት በመቶ ነው ያወቁት?» ይላል።

ለዚህ ወዲያው የምሰጠው መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ነገሩን ግን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ተነሳሁ።

ፎቶግራፍ ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በመጀመሪያ የሀብታም ነገር ነበር። በ1850ዎቹ አጋማሽ በቀጭን የብረት ሰሌዳ ላይ የሚነሳው ርካሽ ዓይነት ሲመጣ ግን ሠራተኛውም ወታደሩም ከጓደኛው ጋር ፎቶ ቤት መግባት ቻለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (ከ1861 እስከ 1865) ስንት ወጣት ነገ እንደሚሞት እያወቀ ከጓዱ ጋር ተቃቅፎ ተነሳ! ሰሌዳው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ለማስገባት ማቀራረብ ግድ ነው። መቀመጫው አንድ ከሆነ አንዱ ሌላው ጭን ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የፎቶ ቤት ወግ ነበር። ጆን ኢብሰን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን በብዛት ሰብስቦ በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ነገር አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዶች በካሜራ ፊት ያለ ሐፍረት ይቃቀፉ ነበር፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን እየገፋ ሲሄድ ግን በሁለት ወንዶች መሃል ያለው ክፍተት እየሰፋ መጣ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ስያሜው ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች ዛሬ የሚሠራበት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር መጠሪያ በ1869 ካርል ማሪያ ከርትቤኒ የተባለ ጸሐፊ በጀርመንኛ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የወጣው። ከዚያ በፊት የሚወገዝ ድርጊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰው ዓይነት መጠሪያ ሆነ። መጠሪያው በሕዝብ መሃል ሲሰራጭ፣ እንዲጠራበት ያልፈለገ ሁሉ እጁን ከጓደኛው ትከሻ ላይ አነሳ። ሰዎቹ የተዋደዱት ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። የእህቴ ልጅ ለእኔ ቤት ያመጣልኝም ይህንኑ ዓይን ነበር።

እስከዚህ ድረስ ለእኔ የሚስማማኝን ጽፌአለሁ። የማይስማማኝንም ልጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1925 አናቶል ጆሴፎ የሚባል ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሳንቲም ሲገባበት ራሱ የሚያነሳና ራሱ አጥቦ የሚያወጣ የፎቶ ሣጥን አቆመ። መጋረጃ አለው፤ ፎቶ አንሺ የለም፤ ፊልሙን አጥቦ የሚያይ ሦስተኛ ሰው የለም። ከዚያ ሣጥን ውስጥ ሁለት ወንዶች ከንፈር ለከንፈር ሆነው የተነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። እዚህ ላይ «ሰሌዳው ጠቧቸው ነው» ብል እዋሻለሁ። እነዚያ ፎቶግራፎች በኪስ ቦርሳ ውስጥ ተሸሽገው ኖረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ሲሞቱ ዘመድ ከማይፈለግ ዕቃ ጋር ጥሏቸዋል። ሰብሳቢዎቹ ከቆሻሻ አነሷቸው። ሰው ያለ ቅድመ አያት መኖር ይከብደዋል፤ በታሪክ ውስጥ አንድም የሚመስለውን ያላገኘ ሰው የማያውቀውን ሟች ፎቶግራፍ ገዝቶ «ይህ የኔ ነው» ሲል ምን እንደሚፈልግ ይገባኛል። በድርጊቱ ላይ የሸሪዓችን ብይን የታወቀ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። ሰው ወገን መፈለጉን ግን አልስቅበትም።

ችግሩ ፎቶግራፉ ወደ ጥርጣሬው ክልል ሲመለስ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ወንዶች አንድ ጃንጥላ ይዘው፣ እንዳልተጋቡ፣ ለመጋባት ግን ፈቃደኞች እንደሆኑ የሚናገር ጽሑፍ አስደግፈው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። በ1900 ገደማ የተነሳ ነው ተብሏል። ቀልድ ነው? እውነት ነው? ሚስት የሚፈልጉ ሁለት ወንደላጤዎች ናቸው? ወይስ እውነቱን በቀልድ ሸፍነው ነው የተናገሩት? እኔ ብዙ ጊዜ አየሁት። ባየሁት ቁጥር ሌላ ይመስለኛል።

ጠይቀን መልስ ያገኘንበትን ጉዳይ እንኳ እንይ። ታዋቂው አሜሪካዊ ባለቅኔ ዎልት ዊትማን በ1860ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ፒተር ዶይል ከተባለ የፈረስ ትራም ሠራተኛ ጋር የተነሳው ፎቶግራፍ አለ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። ጆን አዲንግተን ሲሞንድስ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በግጥሞቹ ውስጥ ስላለው የወንዶች ፍቅር ዊትማንን በደብዳቤ ደጋግሞ ጠየቀው። ዊትማን በ1890 በሰጠው መልስ ትርጉሙን አጥብቆ ካደ። ነገሩ በዚህ አበቃ? አላበቃም። ዛሬም ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ «ፈርቶ ነው የካደው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ምናልባትም ትክክል ናቸው። ሰው በሕይወት እያለ ተጠይቆ የሰጠው መልስ ካላሳረፈን፣ ስም የለሽ ወታደር ዓይን እንዴት ያሳርፈናል?

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ እኛው እንምጣ። በደቡብ ሊባኖስ የሙስሊሞች ከተማ በሆነችው ሰይዳ፣ ሃሺም አል-መደኒ የሚባል ፎቶ አንሺ በ1953 «ሸህረዛድ» የተሰኘ ፎቶ ቤት ከፍቶ ለአሥርተ ዓመታት የከተማውን ሕዝብ ሲያነሳ ኖሯል። አክረም ዘዕተሪ የተባለ የዚያው ከተማ ተወላጅ፣ በ1997 ቤይሩት ውስጥ ከተቋቋመው የአረብ ምስል ፋውንዴሽን መሥራቾች አንዱ፣ እነዚህን ፎቶግራፎች ሰብስቦ ለዓለም አሳይቷቸዋል። ከመሃላቸው በ1950ዎቹ ሁለት ወንዶች፣ ወይም ሁለት ሴቶች፣ እንደ ፊልም ተዋናዮች ሲሳሳሙ የተነሱ ይገኙበታል። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ሲጠየቅ የሰጠው ማብራሪያ ቀላል ነው። ሰዉ ሲኒማ አይቶ ሊያስመስል ይመጣል፤ ወንድና ሴት በካሜራ ፊት መሳሳም ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ያስመስላል። ወንድና ሴት ሲሳሳሙ ያሳፍር ነበር፣ ወንድና ወንድ ሲያስመስሉ ግን ማንም አልጠረጠረም! የዛሬው ተመልካች ደግሞ ተገላቢጦሹን ያያል።

ከዚሁ ፎቶ ቤት የወጣ ሌላ ታሪክ አእምሮዬን ለቅቆኝ አያውቅም። አንድ ቀናተኛ ባል ሚስቱ ሳታስፈቅደው ፎቶ መነሳቷን ሰምቶ ይመጣና ነጌቲቩን ይጠይቃል። ፎቶ አንሺው አልሰጥም ብሎ፣ በመጨረሻ በባልየው ፊት የሴትየዋን ምስል በመርፌ ጭሮ አበላሸው። ከዓመታት በኋላ ሴትየዋ ራሷን በእሳት አቃጥላ ሞተች። ባልየው ተመልሶ መጣ፤ የተጫረውንም ቢሆን ሌላም ካለ አሳድጎ እንዲያትምለት ለመነ። በጥርጣሬ የተጫረ ፊት በጸጸት አይመለስም።

ወደ ዲናችን ስመለስ፣ ነገሩ እኛን እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር እላለሁ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ የሰውን ነውር እንዳንሰልልና እንዳንተማማ ያዘናል። በሱረቱ ኑር 4ኛው አንቀጽ ላይ ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰማንያ እንዲገረፍና ምስክርነቱ ለዘወትር ተቀባይነት እንዲያጣ ተደንግጓል። አብዛኞቹ ፉቀሃዎች ወንድን ከወንድ ጋር ወንጅሎ ያላረጋገጠንም በዚሁ ሚዛን ያዩታል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) በጦር ሜዳ ሸሃዳ የተናገረን ሰው «ፈርቶ ነው» ብሎ በገደለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውየውን ልብ ሰንጥቆ አይቶ እንደሆነ በመጠየቅ እንዴት እንደገሠጹት እናውቃለን። እንግዲህ «ፈርቶ ነው» ማለት እንኳ አልተፈቀደም!

በሌላ በኩል ይኸው ዲን የወንድን ለወንድ ፍቅር አላፈረበትም። በትንሣኤ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚጠለሉት ሰባት ወገኖች መሃል ለአላህ ብለው የተዋደዱ ሁለት ሰዎች ይገኙበታል። ወንድሙን የወደደ ሰው መውደዱን እንዲነግረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ወሰንም አበጅተዋል፤ ወንድ የወንድን ሐፍረተ ገላ እንዳያይ፣ ሁለት ወንዶች በአንድ ልብስ ሥር እንዳይተኙ ከልክለዋል። ልብ በሉ፤ ወሰኑ የተሰመረው በሚታወቅ ነገር ላይ ነው። በዓይን አስተያየት ላይ ወሰን አልተሰመረም፣ በተቆላለፈ ጣት ላይ አልተሰመረም። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍን ሲፈቅዱ ያቀረቡት ምክንያት፣ ጥላን እንደ መያዝ እንጂ ፍጡርን አስመስሎ እንደ መሥራት አይደለም የሚል ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን የተያዘው ጥላ ከሆነ፣ ከጥላ ላይ የልብን ሐሳብ ማንበብ የምንችለው እንዴት ነው?

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ዕድሜዬ በሃያዎቹ ውስጥ ሳለ በሰፈራችን ሁለት ወጣቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሌላው ገበያ ውስጥ ይሸከም ነበር። ሱብሒ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከመሃላችን አንዱ ስለ ሁለቱ አንድ ቃል ጣል አደረገ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ስቄአለሁ ግን። ወሬው ከሻይ ቤት ወደ ጸጉር ቤት፣ ከጸጉር ቤት ወደ አከራይዋ ጆሮ ደረሰ። ወር ሳይሞላ ዕቃቸው ደጅ ተጣለ። ልብስ ሰፊው መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድ በበሬ አለፈ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለኝ። መለስኩለት። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። ስለ እነሱ የተባለው እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም፤ ማወቁም የኔ ድርሻ አልነበረም። የዳላሶቹ ሰብሳቢዎች በሃምሳ በመቶ ፈረዱ ብዬ የተቆጣሁት እኔ፣ በስንት በመቶ ነበር የሳቅሁት? እነሱ ቢያንስ በፍቅር ዓይን ነው ያዩት።

ነገሩ ያረጀ የሰፈር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በቲክቶክ ላይ የአገራችንን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እየለጠፉ፣ «እንዲህ ናቸው» እያሉ፣ እንዲገረፉና እንዲገደሉ የሚቀሰቅሱ ቪዲዮዎች ሲዘዋወሩ ነበር፤ የውጭ የዜና ወኪሎችም ዘግበውታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ በአገራችን ፎቶግራፍ ለጥፎ ስም መስጠት እንደ አሜሪካ የመጽሐፍ ንግድ አይደለም፤ ሰውን ለእስርና ለዱላ ማቅረብ ነው። ያንን ቪዲዮ ከተቀባበሉት ውስጥ ስንቱ ሰጋጅ እንደነበር አላህ ያውቃል። አንዱን ለእኔም የላከልኝ ከመስጊድ የማውቀው ሰው ነው።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የጻፍኩለት እንዲህ የሚል ነው። «ልጄ፣ "ጓደኛሞች ብቻ ነበሩ" ብዬ የጻፍኩትን ትቼዋለሁ። አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አይደሉም ማለት አይደለም፤ ናቸው ማለትም አይደለም። አያትህን ግን አውቃቸዋለሁ፤ እጃቸውን የያዙት ወዳጃቸው ስለነበሩ ነው።» እሱም መልሶ «አጎቴ፣ እነዚያም ልጅ ቢኖራቸው እንደዚህ ይሉ ነበር» አለኝ። ተናድጄ ሳልመልስለት ቀረሁ። ከሳምንት በኋላ ግን ልክ ነው አልኩ።

በዒድ የአባቴን ወዳጅ ልጅ ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። አባቷም ከሞቱ ቆይተዋል። ያ ፎቶግራፍ ለካ ሁለት ቅጂ ነበር የታተመው። በእሷ ሳሎን ከቡፌው በላይ፣ በመስታወት ተለብዶ ተሰቅሏል። የሁለቱ እጅ በዚያኛው ቅጂ ላይ ከእኛው ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ቡና እየቀዳች «የናንተስ ደህና ነው? የኛን እርጥበት እየበላው ነው» አለችኝ። «አቧራ ልጠርግለት አውርጄዋለሁ» አልኳት። ይህንንም ውሸት በላዩ ላይ ደምሩልኝ። በማግስቱ ፎቶግራፉን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ወደ ቦታው መለስኩት።